ኤሲው ላይ የከፈትኩት መዝገብ

የመኪናዬ ኤሲ አላቀዘቅዝም ያለው የልጅ ልጄ ክርስትና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «መስኮት ከፍቼ እሄዳለሁ» ብሎ ያልፈው ነበር። አዲስ አበባ ኤሲ የሚያበራ ሰው ቅንጡ የሚባልባት ከተማ ናት፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት የአንድ ጣት ያህል ሲከፈት «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የሚል ሕዝብ መካከል ነው የምኖረው። እኔ ግን ያለዚያ ኤሲ ባለቤቴን አዋሽ ሰባት ማድረስ አልችልም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ስሜ ተስፋሚካኤል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዛሬም የምኖረው ከመሥሪያ ቤቴ ብዙም ሳልርቅ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴ ከወለተሰንበት ጋር ነው። ወለቴን ከአራት ዓመት በፊት የነርቭ ሕመም ያዛት። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ «የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋኑ ሲላጥ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ አይደል? የእሳቸውም ነርቭ ሽፋኑ እየሳሳ ነው» አለኝ። ቀዝቀዝ ባለ ቀን ምርኩዟን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች፣ ልደታ ማርያም ደርሳም ትመለሳለች። ሙቀት ሲያገኛት ግን እግሮቿ ይከዷታል፤ ዓይኗም ይጋረድባታል። አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆማ ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሣችም።

አንድያ ልጃችን ናዝሬት ደግሞ አግብታ የምትኖረው አዋሽ ሰባት ነው። ሌላ አገር ጠፍቶ! የባሏ ሥራ እዚያ ነው፤ ምን ይደረጋል። ልትወልድ ስትል ወለቴ ሄዳ ልታርሳት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። እኔም የመኪናዋን ዘይት ቀይሬ፣ ጎማዋን አስፈትሼ፣ የኤሲውን የአየር ማጣሪያ ሳይቀር በገዛ እጄ በአዲስ ተክቼ ነበር። በመሄጃችን ዋዜማ ሕመሙ ተነሣባትና ቀረን። እናት ሆና አንድ ልጇን ሳታርስ መቅረቷ ከሆዷ አልወጣም። ሌሊት ስትገላበጥ ስለዚያ እንደምታስብ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያው ቀን ግንቦት መጨረሻ፣ እሑድ ላይ ዋለ። እንደ እኛ ፍርድ ቤት ተለዋጭ ቀጠሮ የለውም። ወለቴም፣ «ያቺን ልጅ ታቅፌ፣ በእግሬ ቆሜ ክርስትና አስነሣታለሁ» ብላ ቆርጣለች። ይህን ያለችው ለእኔም ለሐኪሟም ነው። ሐኪሙ፣ «መንገዱ ላይ ሙቀት እንዳያገኛቸው እንጂ ይሂዱ» ብሎ ፈቀደ።

የልጃችን ቤት ኤሲ አለው፤ ክርስትናውም በጠዋት ነው። ችግሩ መንገዱ ነው። ከአዳማ ወዲያ ወለንጪቲን አልፎ እስከ መተሐራና አዋሽ ያለው ሙቀት መኪና ውስጥ ያለውን ሰው ይቀቅለዋል። በሌሊት እንንዳ ብንል ጊዜው ሰላም አይደለም። የሚከራይ መኪና ብጠይቅ «በዚያ መስመር መኪናችንን አንልክም» አሉኝ። ስለዚህ ያለችን የእኔው አሮጌ ቪትዝ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት ወለቴን አጠገቤ አስቀምጬ ለወራት ያልበራውን ኤሲ ለመሞከር እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ነዳሁ። ስትቀመጥ እንደ ሁልጊዜው ቀሚሷ በመቀመጫው ላስቲክ ላይ አንሸራተታት። መቀመጫውን አዲስ ልብስ ካለበስኩት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ላስቲኩን ግን አላነሣሁትም። እኔ ዘንድ ላስቲክ አይነሣም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላስቲክ ውስጥ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች፣ የግድግዳው ሰዓት፣ የጡረታ ደብተሬ፣ ሁሉም ላስቲክ ውስጥ ነው። ናዝሬት ልጅ ሳለች «አባዬ እኔንስ መቼ ነው የምትጠቀልለኝ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አቧራ የበላውን ወረቀት ያየ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እኔ አውቃለሁ፣ አልኩ፤ አልኩና ኖርኩ።

ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከውስጥ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ወለቴ እጇን ወደ ቀዳዳው ዘረጋችና ትንሽ ቆየች።

«ተስፋ፣ ይሄ ነገር ይተነፍሳል እንጂ አይነፍስም» አለች።

ከልደታ ማርያም ጀርባ የሚሠራ ጋሻው የሚባል መካኒክ አለ፤ በዕለቱ ግቢያችን ድረስ መጣልኝ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋዝ ጨርሷል፣ ጋሼ» አለ። እዚህ አገር ኤሲ ላይ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ጋዝ ጨርሷል። የተከሳሽ ቃል አይሰማም፣ ማስረጃ አይመረመርም። ጋዙን ሞላልኝ፤ ኤሲው ግን እንደነበረው ሆነ። ዓርብ ጠዋት ስደውልለት፣ «እንግዲያው ኮምፕሬሰሩ ነው። ዕቃው መርካቶ ይፈለጋል፤ መኪናዋን ለሳምንት ይተዉልኝ» አለኝ። በማግስቱ መንገደኛ ነኝ እያልኩት! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም።

ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ሥራ መሥራት ጀመርኩ። አንድ አሮጌ ፋይል አወጣሁና ከላዩ «የመኪና ኤሲ የምርመራ መዝገብ» ብዬ ጻፍኩበት። ከሥሩም ተጠርጣሪዎቹን በተርታ አሰፈርኩ። ስለ መኪና የማውቀው ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው፤ ቢሆንም የአንዱን ሰውዬ ቪዲዮ እያስቆምኩና እያስኬድኩ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰክቼ፣ ግቢው ውስጥ ምርመራውን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ የኤሲውን ፊውዝ ነቅዬ ወደ ብርሃን አነሣሁት። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ አልተቃጠለችም፤ ነጻ። ቀጥዬ ሞተሩን አስነሥቼ ኮፈኑን ከፈትኩና ወለቴን «አብሪው!» አልኳት። ቁልፉን ስትጫነው ኮምፕሬሰሩ «ጠቅ» አለና መዞር ጀመረ፤ ስታጠፋው ቆመ። ጋሻው በስልክ የወነጀለው ኮምፕሬሰር ሲሠራ በዓይኔ አየሁት። እሱም ነጻ። ከራዲያተሩ ፊት ያለው እንደ ወንፊት የሆነው ነገር በአቧራና በትንኝ ተደፍኖ ነበርና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በውሃ አጠብኩት። ማራገቢያውም በደንብ ይዞራል። እጄን ጠርጌ እንደገና አበራሁት። ያው ነው። ይጮሃል፤ አይነፍስም።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ናዝሬት ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር ወለቴም ትሰማለች።

«አባዬ፣ ካልሆነ እማዬን አታንገላታት። ክርስትናውን በቪዲዮ እናሳያታለን፤ ሕፃኗን ደግሞ ክረምት ሲገባ ይዣት እመጣለሁ።»

ወለቴ ከመኪናው ወርዳ፣ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ደረጃው ሥር ያለው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬአለሁ፤ ስታለቅስ ድምፅ እንደሌላት አውቃለሁ። መዝገቤን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ወረወርኩት።

ስለዚያ ወንበር ልንገራችሁ። የሕንጻችን ምድር ቤት ሸምሲያ የምትባል የስልጤ ሴት ሱቅ አላት። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው። ለስላሳና ውሃ፣ ወተትም ትሸጣለች፤ ሁለት ትልልቅ ፍሪጆች አሏት። ከእሷ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም፤ ምክንያቱም እኔ ነኝ። የለስላሳ ሳጥኖቿን ደረጃው ሥር ትደረድር ነበር። አንድ ቀን ወለቴ በሳጥኑ ተደናቅፋ ልትወድቅ ስትል፣ ሄጄ ሴትዮዋን ማናገር ሲገባኝ፣ ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ የሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩባት። «የጋራ መተላለፊያን ያለ አግባብ በመዝጋት፣ የነዋሪዎችን ሕይወት ለአደጋ በማጋለጥ» እያለ በአንቀጽ የሚወርድ አቤቱታ ነው። ሳጥኖቹ በማግስቱ ተነሡ። በቦታቸውም አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠ፤ ወለቴ ስትወጣም ስትወርድም የምታርፈው እሱ ላይ ነው። እኔም «ኮሚቴ ማለት እንዲህ ነው! ሳጥን አስነሥቶ ለደካማ ማረፊያ ያዘጋጃል» እያልኩ ባገኘሁት ሰው ፊት ስፎክር ሁለት ዓመት ከረምኩ።

ሸምሲያ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሱቋን ትዘጋለች። ያን ቀንም ከመስጊድ ተመልሳ ልትከፍት ስትል ወለቴን አየቻት። ቁልፏን እንደያዘች አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ወለተ፣ ምን ሆኑ? አመምዎት እንዴ?»

ወለቴ ሁሉንም ነገረቻት። አዋሹን፣ ሰማንያ ቀኑን፣ ጋዝ ተሞልቶም ያልቀዘቀዘውን ኤሲ፣ እግሮቿን፣ ሳታርስ የቀረቻትን ልጇን። ሰው በሁለት ዓመት የማይነግረውን በአምስት ደቂቃ ነገረቻት። ሸምሲያ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ እስኪ ያብሩት።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?» አልኳት። ልትረዳኝ የመጣችን ሰው እንዲህ ነው የምቀበለው።

«መካኒክ አይደለሁም። ግን ከፍሪጅ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ይሄስ ፍሪጅ አይደል? ጎማ ያለው ፍሪጅ ነው» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

አበራሁት። ከቦርሳዋ አንድ ሶፍት አውጥታ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ያዘችው። ሶፍቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወደ ኮፈኑ ዞረችና ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቱቦዎች ተመለከተች። ወፍራሙን በጣቷ ነካችው።

«ይንኩት ይሄን።»

ነካሁት። እጄን መለስኩ። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ይመስል ቀዝቅዞ ላብ አውጥቷል።

«አዩ? ብርዱማ አለ፤ ወደ እናንተ አልደረሰም እንጂ» አለች። «ለአረፋ ጊዜ ትልቁ ፍሪጄ እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ከኋላ በረዶ ሠርቷል፣ ለስላሳው ሞቋል። ሁለት ሰው መጥቶ ጋዝ ነው አለኝ። ለካ ጥፋቱ የእኔው! ደንበኛ ይበዛል ብዬ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ጠቅጥቄ የነፋሱን መውጫ ደፍኜዋለሁ። ይሄም ታፍኗል ወላሂ። ነፋሱ የሚገባው በየት በኩል ነው?»

«በማጣሪያው በኩል» አልኩ። «እሱ ግን አዲስ ነው። ራሴ ነኝ የቀየርኩት።»

«እንየዋ።»

«ራሴ ነኝ የቀየርኩት አልኩሽ!»

ሸምሲያ ወለቴን አየቻት። ወለቴ እኔን አየችኝ።

«ተስፋ» አለችኝ ወለቴ በቀስታ፣ «መዝገብህ ላይ ስሙን ያልጻፍከው ተጠርጣሪ የለም?»

የዳሽቦርዱን ኪስ ባዶ አድርጌ አወጣሁት፤ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈትኩና ማጣሪያውን ሳብኩት። ሲወጣ ኮሽ ኮሽ አለ። ወረቀት እንዲህ አይልም። እጄ ላይ ያለውን ነገር ሳየው ደሜ ቀዘቀዘ፤ የዚያን ቀን ከኤሲው በፊት የቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ።

ማጣሪያው በላስቲኩ ውስጥ ነበር። ዙሪያውን እንደታሸገ፣ አንድም ቦታ ሳይቀደድ። ላስቲኩ ላይ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በማይጠፋ ቀለም፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ «የካቲት 26 ተቀየረ። ተስፋሚካኤል» የሚል ሰፍሯል። ከሥሩ ፊርማ አለበት። ፊርማው የእኔ ነው፤ እክደዋለሁ ብል እንኳ የሚያምነኝ ዳኛ አይገኝም።

«ጋሽ ተስፋ!» አለች ሸምሲያ። ከንፈሯን ነክሳለች። «ላስቲኩን እኮ አላነሡትም።»

«አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው» አልኩ። «ማጣሪያውን ከአቧራ ልጠብቀው ብዬ…» ቃሉን ሳልጨርስ የምናገረውን ራሴ ሰማሁት።

ወለቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከዚያ ወንበሩን ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ሸምሲያም መቻል አቅቷት የመኪናዋ በር ላይ ተደፋች። «ኧረ ለአላህ! ጋዝ ሞሉበት እኮ፣ ኧረ ለአላህ!» ከሦስተኛ ፎቅ ሰው መስኮት ከፍቶ አየን። እኔ መሐላቸው ማጣሪያውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቆሜአለሁ። በሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር። ያን ቀን ግን ወለቴ እንዲህ ስትስቅ የሰማሁበትን ጊዜ ለማስታወስ ስሞክር ጠፋኝ፤ አራት ዓመት ሳይሆን አይቀርም።

እውነቱን ልናገር። ላስቲክ መውደዴ ድሮም ነበረ፤ የባሰብኝ ግን ሐኪሙ ያን የሽቦ ነገር ከነገረኝ በኋላ ነው። የወለቴን ሽፋን መመለስ አልቻልኩም። ያለ ሽፋን የሚቀር ነገር ማየት ስላስፈራኝ፣ እጄ የደረሰበትን ሁሉ ስጠቀልል ከረምኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግቢው መሐል፣ ማጣሪያውን እንደያዝኩ፣ ለራሴ ገባኝ።

ለሸምሲያ ዘረጋሁላት። «ቅደጂው» አልኳት።

«አይ፣ ይሄንንስ እርስዎ ነዎት የሚያነሡት» ብላ መለሰችልኝ።

ቀደድኩት። ማጣሪያውን በቦታው መለስኩ፤ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ወለቴን ደግፈን መቀመጫዋ ላይ አስቀመጥናት። ኤሲውን ሳበራው መጀመሪያ የነጠላዋ ጫፍ ተነሣ። ቀጥሎ ግንባሯ ላይ ያለው ጸጉር ወደ ኋላ ሄደ። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለነፋሱ ሰጠችው፤ እኔና ሸምሲያ በሁለቱ በሮች ቆመን አየናት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ «ይበርዳል!» አለች። ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚጥም ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሸምሲያ ቁልፏን አንሥታ ወደ ሱቋ መራመድ ስትጀምር ጠራኋት።

«ሸምሲያ፣ ያን ጊዜ የጻፍኩብሽ አቤቱታ…»

«አለ» አለችኝ ዞር ብላ። «ኮሚቴው ለእኔ ሰጥቶኝ፣ በላስቲክ አድርጌ ሱቅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

ደነገጥኩ። የፍርድ ቤት ሰው ነኝና አንድ ቀን ልትከስበት ያስቀመጠችው ማስረጃ መሰለኝ። «ለምንድን ነው የምታስቀምጪው?»

«ጽሕፈትዎ ያምራል፣ ጋሼ። መጣሉ አሳዘነኝ።»

ይህንን ብላ ሄደች። «አመሰግናለሁ» የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ ይዣት ቀረሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የክስ፣ የመልስ፣ የይግባኝና የአቤቱታ ቅጽ ስሞላ ኖሬአለሁ፤ የምስጋና ቅጽ ግን መዝገብ ቤታችን አልነበረውም።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣ ልጭን ስወርድ መኪናዋ አጠገብ ሸምሲያን አገኘኋት። አራት በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶችን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። «መንገድ ላይ ምናልባት ቢሞቅ፣ አንገታቸው ሥር ያድርጉላቸው» አለችኝ። ለሕፃኗም ነጭ የክር ኮፍያ ሰጠችኝ። እኔም እሷ ፊት የወለቴን መቀመጫ ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ሸረከትኩትና ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። የኋላውን አልነካሁም፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

መተሐራ ስንደርስ ውጪው ይነድዳል። መንገዱ ዳር ያሉ ፍየሎች በጥላ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ የሚያልፉን የሕዝብ አውቶቡሶች መስኮት ላይ ሰው እጁን እያወጣ ነፋስ ይፈልጋል። በእኛ መኪና ውስጥ ወለቴ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። የሸምሲያ በረዶ ሳይነካ ከኋላ ተቀምጧል።

«ቀንሰው ተስፋ፣ በረደኝ» አለች።

«አልቀንስም» አልኩ። «ይብረድሽ።»

ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፤ እየነዳህ ነውና አትደንግጥ» አለችኝ። «ያ ወንበር የኮሚቴው አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሸምሲያ ነው። አቤቱታህን ያነበበች ዕለት ሳጥኖቹን ብቻዋን ተሸክማ አነሣች። ከዚያ እሷ የምትቀመጥበትን ወንበር አምጥታ እዚያ አደረገችልኝ። ‹እንደሚቸገሩ ማን ነገረኝ እትዬ? ቢነግሩኝ ኖሮ ሳጥኑ አንድ ቀን አይውልም ነበር› አለችኝ። እሷ ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ባዶ ሳጥን ላይ ነበር የምትቀመጠው። ለአንተ እንዳልነግርህ ቃል አስገብታኛለች፤ ‹ጋሼ ያፍራሉ› ብላ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ያረፈችበትን ወንበር የኮሚቴ ነው እያልኩ ስፎክር፣ የወንበሩ ባለቤት ሸምሲያ በፊቴ እየሰማች «እንደምን አደሩ» ትለኝ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሰውን በልቡ የሚዳኝ ችሎት የለም እንጂ፣ ከመተሐራ እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ ነድቼ የጨረስኩት ተፈርዶብኝ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ናዝሬት ሕፃኗን ለእናቷ ሰጠቻት። ወለቴ ምርኩዟን ወደ እኔ ዘረጋች። «ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት። ጫማዋን አወለቀች፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተካከለች፤ ከዚያ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ድጋፍ፣ አንድ በአንድ ረግጣ ገባች። ናዝሬት ከኋላዋ እጇን ዘርግታ ትከተላታለች፤ እጇ ግን አላስፈለገም። ካህኑ ጸሎቱን ሲያደርስ ቆማለች። ውሃው ሲነካት ሕፃኗ ስትጮህ ቆማለች። ማዕተቡ ሲታሰርላት፣ ከዚያም ቅዳሴው እስኪያልቅ፣ የልጅ ልጇን ታቅፋ ቆማለች።

ወደ ግቢው ወጣሁ። በአንድ እጄ ምርኩዟን ይዣለሁ፣ በሌላው ስልኬን አወጣሁ። በመንገድ ላይ ለሸምሲያ የምላትን በልቤ አርቅቄ ነበር፤ መግቢያ ያለው፣ ሐተታ ያለው፣ መደምደሚያ ያለው። ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ተነሣ።

«አቤት ጋሽ ተስፋ! ደህና ገባችሁ? እትዬስ?»

ሁሉም ጠፋብኝ።

«ሸምሲያ» አልኩ። «ቆማለች።»

ከወዲያ ማዶ በደከመ ድምፅ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ከዚያም ደግማ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከኋላዋ አንድ ደንበኛ «ቀዝቃዛ ውሃ ስጪኝ እንጂ!» ሲል ይሰማል። «ትንሽ ታገሥ፣ ሰው እያናገርኩ ነው» አለችው እንባ በያዘው ድምፅ።

«አመሰግንሻለሁ» አልኳት። «ለነፋሱም፣ ለወንበሩም።»